የሰዓት ደብተር

ዝናብ ነው ዛሬም በብሪንግላስ፤ ትናንትም ነበረ፤
የዌልስ ሰማይ መፍሰስ ሲማር፣ ማቆሙን አልተማረ።
ጋራዡ የአያቴ ነው፣ በግ ሲሸለትበት የኖረ፣
የሱፉ ጠረን ሳይወጣ ቤንዚን የተጨመረ።

እኔ ሄይልዌን ነኝ፤ የሁለት ወንድሞች እህት፣ ደብተር ያዥ፤
አንዱ ፈቺ፣ አንዱ ነጂ፣ አንዷ ጸሐፊ፤ ይኸው ነው የእኛ ጋራዥ።

በጭቃ አገር የሞተር ዕድሜ በኪሎ ሜትር አይቆጠርም፤
ጎማው ሰጥሞ ቢቆም እንኳ ፒስተኑ ከሥራ አያርፍም።
ስለዚህ ሰዓት እጽፋለሁ፦ አሥር፣ ሃያ፣ ዐርባ ስድስት፤
ዘይት የተቀየረበት፣ ፊልትሮ የታጠበበት፤
በየገጹ ጥግ የአውራ ጣቴ አሻራ የታተመበት።

የኢድዋል ባለ ሁለት ምት ነው።
ጩኸቱ የተርብ፣ ጭሱ የእርጥብ እንጨት ነው።
ዘይቱን ከቤንዚኑ ጋር ቀላቅሎ የሚጠጣ፣
ጉልበቱ ሳይታሰብ፣ እንደ ቁጣ፣ ከየት መጣ ሳይባል የሚመጣ።
«ይሄ ዕቃ አይበረክትም» እያለ ኤምሊን ያፌዛል፤
ኢድዋል አይመልስም፤ ብርድ ሲገባ ከነፋሻው አንድ ፒስተን ይገዛል።
ከዚያ የወጥ ቤቱ ጠረጴዛ፣ የእናታችን ሰሃኖች መካከል፤
ሲሊንደሩን ወደ መብራት ይዞ በጥፍሩ ጭረት ይፈልጋል።
«አንሣልኝ ይህን ጉድ!» ትላለች፤ ቅቤው አጠገብ ካንዴላ፣
ጥላሸት የተፋቀበት ደግሞ የእሷው የዳቦ ቢላ።
ሁለት ምት ሁልጊዜ ያመዋል፤ ሁልጊዜም ይናገራል፤
ሲያልቅበት ያቃጭላል፣ ይሰንፋል፣ ያጉረመርማል፤
በአንድ ከሰዓት፣ በጥቂት ገንዘብ፣ ደግሞ ተነሥቶ ይፎክራል።

የኤምሊን አራት ምት ነው። ረጋ ያለ፤ ድምፁም ወፍራም፤
ዳገት ላይ እንደ በቅሎ፣ ይጎትታል እንጂ አይደናበርም።
«የሚሠራን ነገር ማን ይነካል? ተዉት!» ይላል፤
«ቫልቩን አስለካ» ስለው «ኋላ»። ኋላ መቼ ይመጣል?
የእሱ ገጽ ደብተሬ ላይ በረዶ የጣለበት ሜዳ፣
አንድ የሰው ኮቴ የሌለበት፣ ነጭ፣ ባዳ።
አንዴ ብቻ ተናገረ ሞተሩ፤ በውርጭ ጠዋት አልነሣ አለ፤
ባትሪውን ሰደብን፣ ብርዱን ወቀስን፤ ኤምሊን ገፍቶ አስነሣውና ቀጠለ።

በግንቦት፣ ከአሮጌው የድንጋይ ካባ በላይ፣
ኢድዋል ፊት፣ ኤምሊን ኋላ፣ እኔ ከታች ቆሜ ሳይ፣
ያ ወፍራም ድምፅ ከዳገቱ ወገብ ላይ ተቆረጠ፤
ቫልቩ ካንገቱ ተሰብሮ ፒስተኑን ቀጠቀጠ።
ቴስታታው ተበሳ፤ ሲሊንደሩ ተሰነጠቀ፤
የአራት ወር ደመወዝ ነው፣ ዓይን ሳይከደን አለቀ።
ኢድዋል ዞሮ መጣ። አልሳቀም። ከቦርሳው ገመድ አወጣ።
ቁልቁል ወረድን፣ ተርቡ በቅሎውን እየጎተተ፤
ዝናቡም እንደ ቀጠሮው፣ በሩ ጋ ስንደርስ ሰማዩን ከፈተ።

አባታችን በዚያ ካባ ሠላሳ ዓመት ሲፈልጥ «አመመኝ» አላለም፤
«ብረት ነው» አልነው፤ የብረትን ልብ ያዳመጠ የለም።
አንድ ማክሰኞ፣ ሾርባው ሳይቀዘቅዝ፣ ሄደ።
እናቴ ግን ጉልበቷ፣ ወገቧ፣ ጥርሷ በየተራ ካደ፤
በየወሩ ሐኪም ዘንድ፣ በየዓመቱ ስትጠገን፣
ይኸው በሰማንያ ዘጠኝ «ቢላዬን መልሱ!» ትላለች፣ እየጮኸችብን።

አራት ምቱን አላማሁም። ዘይቱን በሰዓቱ ቢያይ፣
የኢድዋልን ሦስት ፒስተን ቀብሮ ይቆም ነበር ዳገቱ ላይ።
ግን ምትና ሞት ጎረቤት ናቸው፤ አጥራቸው አንዲት ክፍተት፣
ከፀጉር የቀጠነች፣ በሰዓቷ ካልለኳት።

ኤምሊን በመስከረም ሌላ ቴስታታ ገዛ፣ ያውም ተበድሮ፤
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋው፤ ቢላው ግን ያን ቀን ተሰውሮ።
«ደብተሩን ስጪኝ» አለኝ፣ ፊቱን ወደ መስኮቱ አዙሮ።
ነጩን ገጽ አገኘ። እርሳሱን በምላሱ አረጠበ፤
ዜሮ ጻፈ።
እኔም ቀኑን ጨመርኩበት።